ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ፣ በፕሪንስተን በኩል

ከኒውዮርኩ ፔን ስቴሽን ወደ ፕሪንስተን የሚሄድ መንገደኛ ፕሪንስተን ጀንክሽን ላይ ወርዶ የአገሩ ሰዎች «ዲንኪ» የሚሏትን ትንሽ ባቡር ይይዛል። መንገዱ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። ለዚያች አምስት ደቂቃ ግን ሰዉ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ ቡናውን እያፈሰሰ ይሮጣል። እኔም ሳላውቀው አብሬ ሮጥኩ። ስለ ጥድፊያ ጥናት የተሠራባትን ከተማ ለማየት ለሚመጣ ሰው የሚገባ አቀባበል ነበር።

ጥናቱ በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመው የሥነ ልቦና አጥኚዎቹ የጆን ዳርሊና የዳንኤል ባትሰን ሥራ ነው። ባትሰን ራሱ የፕሪንስተን ነገረ መለኮት ሴሚናሪ ተማሪ ነበር። ሴሚናሪው በ1812 የተመሠረተ፣ ስሙ ቢመሳሰልም ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተለየ ተቋም ነው። ሁለቱ ሰዎች ከዚያው ሴሚናሪ 40 ተማሪዎችን መረጡ። መጀመሪያ ስለ ሃይማኖታቸው መጠይቅ አስሞሏቸው፤ ማን እምነቱን ለእምነቱ ብሎ እንደያዘ፣ ማን ለሌላ ጥቅም፣ ማን ገና እየጠየቀ እንዳለ ለማወቅ። ከዚያ ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ነገሯቸው። ግማሾቹ ስለ ሥራ ዕድል፣ ግማሾቹ ስለ ደጉ ሳምራዊ፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ የቆሰለውን፣ ካህኑና ሌዋዊው አይተው ያለፉትን መንገደኛ ቆሞ ስለረዳው።

አንዳንዱን «ዘግይተሃል፣ እየጠበቁህ ነው፣ ፍጠን» አሉት። ሌላውን «አሁን መሄድ ትችላለህ»፣ የቀረውን ደግሞ «ገና ጥቂት ደቂቃ አለህ»። በመተላለፊያው ላይ አጥኚዎቹ ያስቀመጡት አንድ ሰው በር ሥር ኩርምት ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያስላል፤ ያቃስታል። ቆሞ የጠየቀው ጊዜ ከነበራቸው ከመቶ 63፣ ከመካከለኞቹ 45፣ ከተቻኮሉት 10 ብቻ ነው። መጠይቁ ማን እንደሚቆም ሊናገር አልቻለም። የሳምራዊውን ምሳሌ ለመስበክ የሚሄደውም ከሌላው ይህን ያህል አልተሻለም፤ እንዲያውም ሰውየውን ተራምዶት ያለፈ ነበር።

እዚህ ላይ ፈገግ ብሎ «ይኸው ካህኑና ሌዋዊው!» ማለት ቀላል ነው። እኔ አልልም። አጥኚዎቹ እንደጻፉት፣ ካለፉት አንዳንዶቹ ሲደርሱ ፊታቸው የተጨነቀ ነበር። የሚጠብቃቸው ሰው ነበረ፤ ቃል ገብተዋል። ጭካኔ ሳይሆን በሁለት ግዴታ መሃል መወጠር ነው።

የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የብራና መጻሕፍታችን አሉት፤ የተአምረ ማርያምን ታሪኮች የሚያጠና ቡድንም አለው። ስለዚህ በላኤ ሰብን እዚያ ከተማ ማሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። 78 ነፍስ የበላው ሰው፣ የተጠማው ድሃ በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው እምቢ አለ፤ በጻድቃንና በሰማዕታት ስም ቢለምነውም እምቢ አለ፤ በእመቤታችን ስም ሲጠራው ግን ጥርኝ ውኃ ሰጠ። የፕሪንስተኑ መጠይቅ ቢቀርብለት ምን ይሞላ ነበር? ያው ሰው፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ የተቀየረው የልመናው ቃል ብቻ ነው።

ማታ ኒው ጀርሲ ለሚያሳድረኝ ዘመዴ ይህን አወራሁለት። ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። «ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ትቆም ነበር?» አልኩት።

«አዲስ አበባ እያለሁ ለቅሶ ቀርቶብኝ አያውቅም። እዚህ የጎረቤቴን መሞት የሰማሁት ቤቱ ሲሸጥ ነው። ተለወጥክ ይሉኛል። እስቲ እነሱ ሁለት ሥራ ይዘው ይዩታ!»

እውነቱን ነው አልኩ፣ ግማሹን። እሱው ራሱ ቀደም ብሎ ያጫወተኝ ነገር አለና፤ አብራው የምትሠራ አንዲት ሴት ሁለት ፈረቃ እየሠራች፣ አራስ በሰማች ቁጥር ገንፎ አገንፍታ ትሄዳለች። እንዲህ ያሉትን ሁኔታ ብቻ አይገልጻቸውም። ተቻኩለውም የቆሙት እነዚያ ከመቶ 10 ምን ዓይነት ሰዎች ነበሩ? ጥናቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያያቸው፤ ጠባይ ደግሞ በአንድ ቀን አይለካም፣ በብዙ ቀን እንጂ።

መጠይቁም ቢሆን ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። ማን እንደሚቆም ባያውቅም፣ የቆመው እንዴት እንደሚረዳ ጥቂት ፍንጭ ሰጥቷል። ሰውየው «መድኃኒቴን ወስጃለሁ፣ ትንሽ ባርፍ ይሻለኛል» ሲላቸው አንዳንዶቹ ሰምተው ሄዱ። በሃይማኖታቸው ጥብቅ የሆኑት ግን ያሰቡትን ሳይፈጽሙ ንቅንቅ አላሉም፤ ይዘውት ካልገቡ አይሆንም።

ጋሼ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «የእኛ ሰዎች ናቸዋ!» አለና፣ ጠግቤያለሁ እያልኩት ሦስተኛ እንጀራ ዘረጋልኝ።