ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ደጋውንም ቆላውንም በግማሽ ቀን ያያል፤ የመኪናው ባትሪም እንዲሁ። በደብረ ብርሃን የጧት ውርጭ የባትሪው ኃይል ይደክማል፤ የሞተሩም ዘይት ስለሚወፍር ሞተሪኖው ያቃስታል። ሆኖም አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ራሶቹን መመልከት ይገባል፤ ነጭ ዝገት ይዟቸው እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ የኔጋቲቩን ገመድ ፈትቶ በሙቅ ውሃ አጥቦና አድርቆ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በጣልያን ወረራ ዘመን (1928-1933 ዓ.ም.) በተቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ አጠገብ፥ ከ3000 ሜትር በላይ፥ ጉም ሲወርድ መብራቱ የጠፋበት ሹፌር ገደሉንም ከፊቱ የሚመጣውንም አያይም። የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ የሚተኩ አሉ፤ ክፉ ልማድ ነው፤ ሽቦው ሳይቀልጥ ገመዱ ይጋያልና። ልኩ የሆነ ፊውዝ በኪስ መያዝ ምን ይከብዳል? በሸዋ ሮቢት ቆላ ለሚሰነብት መኪና ግን የባትሪው ውሃ በሙቀት ይተናል፤ ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የተጣራ ውሃ እንጂ አሲድ አይጨመርበትም።