አሮጌ ገበታን ስለ ማደስ

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ግድግዳውና ስለ ጣራው ነው፤ ቤቱ ግን በእውነት ቤት የሚሆነው ገበታ ሲቀርብበት ነው። ግእዙ «ማእድ» ሲል ምግቡንም ምግቡ የሚቀርብበትንም በአንድ ቃል ያጠቃልላል። እኛም «አንድ ገበታ የቀረቡ ናቸው» ስንል ስለ እንጨቱ መናገራችን ሳይሆን ስለ ፍቅርና ስለ መተማመን መናገራችን ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን ይህን አገልግሎት የያዘው ከስንደዶና ከአክርማ የሚሰፋው መሶብ ነበረ፤ ዛሬም አልተሻረም። ጠረጴዛ ከእርሱ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው፤ ስሙም ከግሪክ ቋንቋ የተወረሰ ሆኖ ጥንተ ትርጉሙ «ባለ አራት እግር» ማለት ነው። ሆኖም እንግዳው ቤተኛ ከሆነ ቆይቷልና በሰቆጣ ከተማም ሁለቱ በአንድ ቤት ተስማምተው ሲኖሩ ይታያል።

በቤታችን ያለውን የምግብ ጠረጴዛ ያሠራው አባቴ ነው፤ እንጨቱም ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለመላጊያ የሚመች፣ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚፈለፈልበት የታወቀ የአገር እንጨት ነው። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ዋግ ኽምራ በደረሰ ጊዜ እኛም እንደ ብዙው ሕዝብ ቤታችንን ዘግተን ተሰደድን። በ2014 ዓ.ም. ስንመለስ ጠረጴዛው ከአራት እግሮቹ አንዱ ተቆርጦ፣ በገጹም ላይ እሳት ነዶበት እንደ ምጣድ ክብ የሆነ ጥቁር ጠባሳ ይዞ ቆየን። እግሩን ማን ቆርጦ እንደ ማገደው፣ እሳቱንም ማን እንዳነደደው አይታወቅም።

ስለዚህ ዕቃ በቤተ ዘመድ መካከል ክርክር ተነሣ። እኅቴ ተጥሎ በብረትና በመስተዋት የተሠራ አዲስ እንዲገዛ መከረች። አክስቴ በበኩሏ ክፉ ቀን ያየ ዕቃ ከቤት ቢወጣ ይሻላል አለች። እናቴ ግን ሁሉንም ካዳመጠች በኋላ፣ «እኛስ ክፉ ቀን አላየንምን? ጠባሳ ያለበት ሰው ከገበታ ይባረራልን?» ብላ ዝም አሰኘችን። እድሳቱም የእኔ ድርሻ ሆነ።

የእንጨት ዕቃን መልክ የሚመልሱ ቀለሞች በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በጠባይ ሁለት ናቸው። አንደኛው በእንጨቱ ላይ ተነጥፎ የሚሸፍነው ነው፤ ሁለተኛው ወደ እንጨቱ ሰርጎ ገብቶ መስመሩን የሚያጎላው ነው። የመጀመሪያው የእንጨቱን ዘር ይሰውራል፤ ሁለተኛው ያሳያል። እንግዲህ የሥራው ዋና ጥበብ የትኛው ለየትኛው ክፍል እንደሚገባ መለየት ነው። የተቆረጠው እግር በባሕር ዛፍ ተተካ፤ ባሕር ዛፍና ዋንዛ አንድ መልክ የላቸውምና አራቱም እግሮች በሚሸፍነው ቀለም ጥቁር አረንጓዴ ተቀቡ። የዋንዛውን ገጽ መሸፈን ግን ግፍ ስለ ሆነ ለእርሱ ሰርጎ የሚገባው ቡናማ ቀለም ተመረጠ።

ከቀለሙ በፊት ግን ፍቂያው አለ፤ ትዕግሥት የሚፈተነውም በዚህ ነው። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሻካራ ነው፤ ስለዚህ በ80 ተጀምሮ፣ በ120 ተለስልሶ፣ በ220 ይፈጸማል። እጅም ዘወትር የእንጨቱን መስመር ተከትሎ መሄድ አለበት፤ አግድም የተፈገፈገ እንደ ሆነ ቀለሙ በገባ ጊዜ ጭረቱ ይጋለጣል። አሮጌ ቀለም የሚፍቅ ሰው አፉንና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ልጆችንም ከአቧራው ያርቅ። በቀድሞ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የሚባለው ማዕድን ሊኖር ይችላልና፤ ይህም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

በተቃጠለው ስፍራ ከሰሉ ተፍቆ ጤነኛው እንጨት ተገኘ፤ ጥላው ግን አለቀቀም። የበለጠ ቢፋቅ ገጹ እንደ ገበቴ መጎድጎዱ ነበር። ስለዚህ ቀለሙ አስቀድሞ በጠረጴዛው ሆድ በኩል በትንሹ ተሞከረ፤ ቀጥሎም ገጹ በሙሉ በጨርቅ እየተቀባ ትርፉ ወዲያው ተጠረገ። አካባቢው ጠቆር ባለ ጊዜ ጠባሳው ከእርሱ ጋር ታረቀ፤ አልጠፋም፣ ነገር ግን መጮኹን ተወ።

የቀረው ጌጡ ነበር። ከኮምፒዩተር በፊት የፈተና ወረቀት በስቴንስል ሲባዛ ያዩ መምህራንና የጽሕፈት ቤት ሰዎች የዚህን ጥበብ ምሥጢር ያውቁታል፤ ቀለም በተቀደደው ስፍራ ያልፋል፣ ባልተቀደደው ይታገዳል። ጥበቡም እጅግ ጥንታዊ ነው። በኢንዶኔዥያ በሱላዌሲ ደሴት ዋሻ ውስጥ አንድ ሰው መዳፉን በድንጋዩ ላይ አኑሮ ቀለም የነፋበት ምልክት ከ39,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ተረጋግጧል። ጃፓናውያንም ወረቀትን በፍሬ ጭማቂ አጠንክረው ንድፍ እየቀደዱበት ልብሳቸውን ያስጌጡበታል። እኛ ደግሞ የተጣለ የራጅ ፊልም በምላጭ ቀደድንበት።

ተማሪ የሆነው የእኅቴ ልጅ በዙሪያው መስቀል እንዲሣል አሳብ አቀረበ። እናቴ ግን፣ «ልጄ፣ መስቀል የሚሳለሙት ነው እንጂ ወጥ የሚፈስበት አይደለም» አለችው። ልጁ አሳቡን ያገኘው በላስታ ተራሮች በዋሻ ውስጥ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ካየ በኋላ ነበር። በዚያ ግድግዳው በእንጨትና በነጭ በተለሰነ ድንጋይ ተራ በተራ ተደርድሯል፤ የእንጨት ጣራውም በውስጥ በኩል በልዩ ልዩ ቅርጽና ቀለም አጊጧል። አባቶቻችን እንጨትንና ቀለምን ማስማማት ያውቁ እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። በዙሪያው ያለው የጽድ ደንም ሌላ ትምህርት ይሰጣል፤ በሰሜኑ ደጋ የአገር ዛፍ በአብዛኛው የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነውና አንድ አሮጌ ዕቃ የሚያድስ ሰው አንድ ዛፍ ከመቆረጥ ያድናል።

በመጨረሻ ንድፉ ከመሶብ ስፌት ተወሰደ። እንደ መጋዝ ጥርስ የሚወጣውና የሚወርደው መስመር በገጹ ዙሪያ ተሣለ። ብሩሹ ደረቅ ሊል እስኪደርስ ተራግፎ፣ ቀጥ ብሎ ተይዞ ጠብ ጠብ ይደረጋል እንጂ አይጎተትም፤ ቀለም የበዛበት እንደ ሆነ ከፊልሙ ሥር ሾልኮ ንድፉን ያበላሻል። በላዩ ሦስት ጊዜ ስስ ቫርኒሽ ተቀባ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አልተጨመረም። የተልባ ቅባት የሚጠቀም ሰው ግን ጨርቁን ጨምድዶ አይጣል፤ በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላልና ዘርግቶ ያድርቀው።

የሰቆጣ ስም ከገበታ ጋር በአገር ደረጃ የተያያዘበት ጉዳይም አለ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 እንዲያበቃ ቃል ገብቷል። ቀለሙ ምን ቢያምር ገበታ የሚከበረው በላዩ በሚቀርበው እህልና በዙሪያው በሚቀመጠው ሰው ነው።

በጦርነት የተጎዳ ቤቱን የሚጠግን ሰው በየዕቃው ላይ ይህንኑ ጥያቄ ያገኘዋል፤ ምኑ ይሸፈን፣ ምኑ ይታይ? ሁሉን መሸፈን የሆነውን መካድ ይሆናል፤ ሁሉን እንዳለ መተውም ልጆችን በየዕለቱ ከቁስል ፊት ማስቀመጥ ነው። በእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ጠባሳው ላይ የእንጀራው ሰፌድ ይቀመጥበታል። ሰፌዱ ሲነሣ ስለ ጠባሳው የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም፤ እናቴም ሳትቆጣ፣ ምንም ሳትጨምርና ሳትቀንስ ትነግረዋለች።