ከቡቺ ጋር በኩልመስክ

ከወልድያ በማለዳ ተነሥተን በድልብ በኩል ወደ ላሊበላ አቀናን። መኪናው ውስጥ እኔ፣ ልጄ፣ የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄና ውሻዋ ቡቺ ነበርን። የሚያስቸኩለን ነገር ስላልነበረ ጠመዝማዛውን መንገድ ቀስ ብለን፣ ባማረን ቦታ እየቆምን ተጓዝን። ኩልመስክ ላይ ለሻይ ወረድን።

ልጅቱ ቡቺን ሜዳው ላይ ልትለቀው ስትል በግ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት፣ «የኔ ልጅ፣ ውሻሽ ተከትቧል?» አሏት። ዞራ እኔን አየችኝ። አቀረቀርኩ። «ነገ፣ ነገ» ስል ወራት አልፈው ነበር።

ከላሊበላ በላይ ባለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ ጅባራ በሚበቅልበት ውርጫማ ከፍታ፣ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ የቀረውም 500 ገደማ ብቻ ነው። በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በሽታው ለሰውም ምሕረት የለውም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

ቡቺ በገመድ ታስሮ ሜዳውን አብሮን ዞረ። ጨዋታው ግን አልቀነሰም።

ማታ ላሊበላ ስንገባ ልጅቱ፣ «አባባ፣ ሰኞ ይከተባል?» አለችኝ።

«ሰኞ ጠዋት» አልኳት። ሰኞ ጠዋትም ወሰድነው።