በዓይን የመዘንኋቸው

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ኬኔዲና ኒክሰን ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በቴሌቪዥን ያደረጉትን የመጀመሪያ ክርክር በፊልም ያየሁ ጊዜ፣ ነገራቸውን ሳልመረምር ፈረድሁ። ኬኔዲ ፊቱ የፈካ፣ የረጋ ጐልማሳ ነው፤ ኒክሰን ግን ከስቶና ገርጥቶ ላቡን ይጠርጋል። «ይህስ ለራሱም አልሆነ!» አልሁ፤ ለተማሪዎቼም ይህንኑ ነገርኋቸው።

ቆይቼ ታሪካቸውን ሳነብ አፈርሁ። ኒክሰን ጉልበቱ አመርቅዞ ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ ገና ጥቂት ሳምንት ነበር። ጤና የሞላበት የመሰለኝ ኬኔዲ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ባሉት ዕጢዎች ላይ የጸና ሕመም ነበረበት፤ ይህንንም ከመራጩ ሕዝብ ሸሽጎታል። እንግዲህ በሽተኛውን ጤነኛ፣ የሚያገግመውን በሽተኛ ብዬ ነበር ማለት ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ በዚያ ምርጫ ከ68 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጥተው ኬኔዲ የበለጠው 120 ሺህ በማይሞላ ድምፅ ነው። ከእነዚያ ሁሉ መካከል እንደ እኔ በዓይኑ ብቻ የመዘነው ስንቱ ይሆን?

ፊልሙን እንደ ገና ከፍቼ ጀርባዬን ሰጥቼ አዳመጥሁት። እኔ መምህሩ፣ ስለ መምህራን ደመወዝ መከራከራቸውን ያን ጊዜ ገና ሰማሁ።