ጥላው ለማን ነው?

ዛሬ የምናካፍላችሁ ስለ አንድ ሸራ ነው።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ዳላስ አካባቢ ነው። የ14 ዓመቱ ልጃችን በጎ-ካርት ይወዳደራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ካርቷን በአሮጌ ዝግ ተሳቢ ጭነን ወደ መወዳደሪያው ቦታ እንሄዳለን። የቴክሳስ የሐምሌ ፀሐይ አይጣል ነው። ተሳቢው ውስጡ ምድጃ ይሆናል፤ ውጭ ደግሞ አስፋልቱ ይጋረፋል። ከተሳቢው ጎን የሚዘረጋ ጥላ የግድ አስፈለገን።

መጀመሪያ የገዛነው በአራት እግር የሚቆም፣ 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ተጣጣፊ ድንኳን ነበር። አስፋልት ላይ ችካል ስለማይተከል እያንዳንዱ እግር በከባድ ነገር መታሰር ነበረበት። እኛ ግን ሁለቱን ብቻ በውሃ ጀሪካን አሰርን። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣና ድንኳናችን በርሮ የጎረቤታችን ካርት ላይ ወደቀ። በኀፍረት የምንገባበት ጠፋን። ሰውየው ግን “ልጁ ደህና ነው?” ብሎ ብቻ ጠየቀንና በራሱ ሰፊ ጥላ ሥር አስቀመጠን። ከጠዋት ጀምሮ በቅናት ስናየው የዋልነው ጥላ ነበር።

ቤት ስንመለስ ልክ እንደ እርሱ ያለውን፣ በኤሌክትሪክ የሚዘረጋውን ጥላ ተመኘን። ከነማስገጠሚያው ከ2,000 ዶላር በላይ ተጠየቅን። አንዳችን “በክሬዲት ካርድ እንግዛው” አለ። ሌላኛችን “ለማን ለማሳየት?” አለች። ያን ምሽት ተኳርፈን ተኛን።

ጠዋት ሉቃስ 14፥28 ላይ ደረስን። ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቆጥራል። እኛም ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። የሚጠቀለለው ጥላ ከባድ ነው። በተሳቢው ስስ የአሉሚኒየም ልባስ ላይ ብቻ ከታሰረ ተነቅሎ ይወድቃል፤ ከውስጥ ያለውን የብረት አጥንት ፈልጎ መያዝ አለበት። የእኛ ተሳቢ ደግሞ ከጎን በሩ በላይ የቀረው ቦታ ጠባብ ነው፤ ጥላው ከተገጠመ በሩ አይከፈትም።

ሌላ ምርጫ አገኘን። በተሳቢው ጣሪያ ጠርዝ ላይ ቦይ ያለው አሉሚኒየም ይታሰራል፤ የሸራው ጠርዝ በቦዩ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ፊቱ በምሰሶዎችና በገመድ ይቆማል። ሲያበቃ ተጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ዋጋው በእጃችን ካለው አላለፈም። ያለ ዕዳ ገዛነው። አሁን እያንዳንዱን ምሰሶ በአሸዋ ከረጢት እናስራለን፤ ነፋስ ሲበረታ ሳንከራከር እናወርደዋለን። ለመዘርጋት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይስባል፣ ሌላው ያስገባል። ተኳርፎ የሚዘረጋ ሸራ አይደለም!

ከዚያ በኋላ ዘፍጥረት 18ን ስናነብ ልባችን ተነካ። አብርሃም በቀን ሙቀት በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎች አየ፤ ሮጦ ተቀበላቸው፤ ከዛፍ ሥር አሳረፋቸው። የነበረው ጥላ የአንድ ዛፍ ጥላ ነበር፤ ለእንግዶቹ ግን በቃ። እኛ “ጌታ ሆይ፣ ጥላ ስጠን” ብለን ስንጸልይ ማን እንደሚቀመጥበት አንድ ቀን እንኳ አላሰብንም ነበር።

አሁን ሁለት ትርፍ ወንበር እንይዛለን። አንድ አባት ከትንሽ ልጁ ጋር ያለ ጥላ ቆሞ አይተን ጠራነው። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ልጃችን ከመነሣቱ በፊት ስንጸልይ አይቶ “ለማሸነፍ ነው የምትጸልዩት?” አለን። “በሰላም እንዲመለስ ነው” አልነው። ዝም ብሎ ቆየና “ለእኔም ልጅ ጸልዩላት” አለ። እስካሁን ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ወንበሩ ግን አለ።

ወገኖች ሆይ፣ ጌታ የሰጣችሁ ጥላ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ጠባብ ሳሎን፣ አሮጌ መኪና፣ አንድ ጀበና ቡና። ከጎረቤት ጋር እያስተያያችሁ አትናቁት። ማን ፀሐይ ላይ እንደቆመ ተመልከቱ።

ጌታ ሆይ፣ ከቅናትና ከዕዳ ጠብቀን። በሰጠኸን ጥላ ሥር ለሌላው ቦታ እንድንለቅ እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።