ፊቱን እንዳትነኩት

አባዬ ትቶልኝ የሄደው የስዊዝ ሰዓት በቀን 4 ደቂቃ ወደኋላ መቅረት ሲጀምር፣ እሱ ዕድሜውን ሙሉ የሚወስድበት የፒያሳው ሰዓት ሠሪ ሱቅ አልነበረም። በ2016 ፒያሳ ስትፈርስ አብሮ ሄዷል። ሰውየው የት እንደገባ የሚያውቅ ሳጣ፣ በቀጥታ ለፋብሪካው ጻፍኩ።

የደንበኞች አገልግሎቱ በማግስቱ መለሰ። የመለያ ቁጥርና ፎቶ ጠየቁኝ፤ ለእኔ የሚቀርበኝ የጥገና ማዕከል ዱባይ ያለው እንደሆነ ነገሩኝ። እዚያ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ለእረፍት መጥታ ስለነበር እጇ ላይ አስራው ሄደች። (ሻንጣ ውስጥ መክተት አይታሰብም።)

ከሦስት ሳምንት በኋላ የዋጋ ግምቱ መጣ። ችግሩ የደረቀ ዘይት ነው። መካኒካል ሰዓት ውስጥ ጥርሶቹ የሚሽከረከሩባቸው ቦታዎች ላይ ከጠብታ ያነሰ ዘይት አለ፤ እሱ ሲደርቅ ሰዓቱ ይደክማል። ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ዘይት ተቀብቶ ይገጠማል። ለዚህ ደስ እያለኝ እከፍላለሁ። ከታች ግን ሌላ ዝርዝር አለ፦ ፊቱ ይቀየራል፣ ዘንጎቹ ይቀየራሉ፣ ቀፎው ይወለወላል።

ፊቱ ድሮ ነጭ ነበር፤ አሁን የቅቤ ቀለም ይዟል። ከግርጌው «ቲ ስዊስ ቲ» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ አለው። ቲዋ ትሪትየም ናት፤ በጨለማ የሚያበራው ቀለም ውስጥ ያለው ነገር። ትሪትየም በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፣ የአባዬ ሰዓትም ማብራት ካቆመ ቆይቷል። እንደ ፋብሪካ ካሰብነው ያለቀ ዕቃ ነው፣ ልክ ናቸው። ግን ያ ቢጫነት 30 ዓመት መንገድ ሥራ ላይ አባዬን የመታው ፀሐይ ነው። አዲስ ፊት ከለበሰማ ከሱቅ የወጣ ሰዓት ሆነ፤ እሱን ደግሞ ልግዛ ብልም አቅሙ የለኝም።

«ውስጡን ሥሩ፣ ፊቱን እንዳትነኩት» ብዬ ጻፍኩ። ደንባችን አይፈቅድም አሉ፣ በጣም በጨዋ ቋንቋ። ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሠራተኛ በራሷ ስም ፈርማ፣ ለምን እንደማልፈልግ እንዳስረዳት ጠየቀችኝ። አስረዳኋት፤ የቀኑን ነገር ሳይቀር።

አባዬ የሰዓቱን ቀን የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ነበር። መስኮቷ እስከ 31 ትቆጥራለች፣ የእኛ ወር ደግሞ 30 ነው። ስለዚህ ፈረንጅ በዓመት 5 ጊዜ የሚያስተካክለውን እሱ ጳጉሜን ጨምሮ 13 ጊዜ ያስተካክላል። ወር በገባ ቁጥር፣ ገና ቡና ሳይፈላ፣ መሙያውን ስቦ ያሽከረክራል።

ደንቡ በመጨረሻ በፊርማ ታጠፈ፦ ፊቱና ቀፎው እንዳለ ስለሚቀር ለመልኩም ሆነ ውኃ ለመቋቋሙ ዋስትና አይሰጡም። ፈረምኩ። ውኃውማ ምን ሊያደርግልኝ፣ አባዬ ራሱ እጁን ሲታጠብ ያወልቀው ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት በሰው እጅ ታስሮ መጣ። አሁን በቀን 5 ሰከንድ ይቀድማል፤ ለዕድሜው ድንቅ ነው። ፊቱ ያው ቅቤ ነው። ቀኑን ግን በፈረንጅ ሞልተውት 17 ይላል፤ ዕለቱ ሐምሌ 10 ነበር። ወደኋላ አይሄድምና 24 ቀን ወደፊት አዞርኩት።