መጽሔት ስትመርጡ አዘጋጁን ምረጡ

«የትኛውን መጽሔት ልከታተል?» ለሚሉኝ ወጣቶች ስም ከመደርደሬ በፊት ስለ አንድ እትም አወራቸዋለሁ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 1946 የወጣው የ«ኒው ዮርከር» ሽፋን በጋ ላይ መናፈሻ ውስጥ የሚዝናኑ ሰዎችን ያሳያል። ገልጠው ሲገቡ ግን ያለው ከሞላ ጎደል አንድ ጽሑፍ ነው፤ የጋዜጠኛው የጆን ኸርሲ «ሂሮሺማ»፣ 30 ሺህ ቃላት ገደማ። መጀመሪያ የታሰበው በአራት ተከታታይ እትሞች እንዲወጣ ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ ዊልያም ሾን «ሳይቆራረጥ በአንድ እትም ይውጣ» አለ፤ ዋና አዘጋጁ ሃሮልድ ሮስም አመንትቶ ተስማማ። በቀልድና በካርቱን የሚታወቅ መጽሔት ቀልዱን ሁሉ አውጥቶ ቦታውን ለሙታን ለቀቀ። የአቶም ቦምቡ ሂሮሺማ ላይ ከተጣለ ዓመት አልፎታል፣ ወሬው ያረጀ ይመስል ነበር። ኸርሲ ግን ጄኔራሎቹን ትቶ ከፍንዳታው የተረፉ ስድስት ሰዎችን ተከተለ፤ አንዷ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ልብስ ሰፊ ናት። እትሙ ወዲያው ተሸጦ አለቀ።

ይህን አምጡልን ያለ አንባቢ አልነበረም። ስልካችን ትናንት የወደድነውን ዛሬም ያቀርብልናል፤ እንደ ሾን ያለ አዘጋጅ ግን መኖሩን እንኳ ያላወቅነውን ነገር ያስነብበናል። እኔ መጽሔት የምከታተለው ለዚህ ነው።

ጥሩ መጽሔት እንዴት ይለያል? የቆየ እትም ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ዛሬም ካልጣላችሁት ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ እናንተ ጠንቅቃችሁ በምታውቁት ጉዳይ ፈትኑት። ነርስ ከሆናችሁ ስለ ሆስፒታል የጻፈውን እዩ። ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፍስ ሰዎቻችን ይናገራሉ ወይስ ይነገርላቸዋል? የሰውና የቦታ ስም ተጠንቅቆ ይጽፋል? ሲሳሳት ያርማል? («ኢኮኖሚስት» ጽሑፎቹን በአብዛኛው ያለ ጸሐፊ ስም ስለሚያወጣ እዚያ የሚፈተነው መጽሔቱ ራሱ ነው።) ረጅም ሙግት ለሚወድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በኒው ዮርክ የጋዜጦች አድማ መሃል የተወለደው «ኒው ዮርክ ሪቪው ኦፍ ቡክስ» አለ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ሮበርት ሲልቨርስ እ.ኤ.አ. በ2017 እስኪሞት ድረስ አዘጋጅቶታል።

በአማርኛም እንዲህ ያለ መጽሔት እንግዳ ነገር አይደለም። ወመዘክር ገብታችሁ የድሮዎቹን «መነን»ና «የካቲት» አገላብጡ። ሁለቱም ሳንሱር ባለበት ዘመን የወጡ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ታሪክ ጊዜ ወስደው ያስቡ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ መጽሔት ብቅ ሲል የማተሚያ ዋጋው ያንገዳግደዋል፤ እኛም ፒዲኤፉን በቴሌግራም እንቀባበላለን። እባካችሁ ግዙት። አዘጋጁ አንድን ጸሐፊ ወራት ሰጥቶ፣ የትራንስፖርትና የአልጋ ከፍሎ ክፍለ ሀገር የሚልከው በዚያ ብር ነው።